ከ30 እንቁላል 4 ጫጩት ካገኘ ሰው፦ ቤት ውስጥ እንቁላል ስለማስፈልፈል

መጀመሪያ ጊዜ ኢንኩቤተር (በዶሮ ፈንታ እንቁላል አሙቆ የሚያስፈለፍል ሳጥን) ሰርቼ እንቁላል ያስገባሁት ደብረ ማርቆስ ተከራይቼ በምኖርበት ቤት ነው፣ ከገበያ 30 እንቁላል ገዛሁ፣ 21 ቀን ሙሉ አራስ እንዳለበት ቤት ስንንሾካሾክ ከረምን፣ መጨረሻ ላይ የወጣው 4 ጫጩት። ከአራቱም አንዷ በማግስቱ ሞተች። እማዬ ከገጠር መጥታ ይሄን ስታይ ምንም አላለችም፣ ብቻ እቤት ያለችው ገብስማ ዶሮ 12 ታቅፋ 10 እንዳወጣች ነገረችኝና ቡናዋን ጠጣች።

ከዛ ወዲህ ብዙ ዙር አስፈልፍያለሁ፣ አሁን ከ30ው 23 እና 24 ሲወጣልኝ አይገርመኝም። ሳጥኑ ግን ያው የድሮው ሳጥን ነው። የተቀየረው እንቁላሉን የማመጣበት ቦታ፣ ቴርሞሜትሩን ማመኔን መተዌ እና መጨረሻዎቹ 3 ቀናት ላይ እጄን መሰብሰቤ ነው። ሰው ሁሉ ስለ ሳጥኑ ነው ሚጠይቀኝ፣ ሳጥኑ እኮ ቀላሉ ነገር ነው።

ከእንቁላሉ ልጀምር። ከሱቅ የሚገዛ የፈረንጅ እንቁላል ላይ መብራት አታባክኑ። ቦቫንስ ምናምን የሚባሉት ለእንቁላል ብቻ የሚረቡት ዶሮዎች አብዛኛውን ጊዜ ያለ አውራ ነው የሚኖሩት፣ አውራ ያላገኛት ዶሮ የጣለችው እንቁላል ለጥብስ እንጂ ለጫጩት አይሆንም። አውራ ካለበት ቤት ነው መግዛት ያለባችሁ፣ ከ8 እስከ 10 ሴት አንድ ጤነኛ አውራ ካለ ይበቃል። እኔ አሁን ሦስት የማውቃቸው ቤቶች አሉ፣ በየቀኑ የጣለችውን እንዲያስቀምጡልኝ ነግሬያቸው ከገበያ ዋጋ ትንሽ ጨመር አርጌ እገዛለሁ፣ ዕለቱን በእርሳስ ይጽፉበታል።

ገበያ ላይ ያለው ችግር እድሜው ነው። እንቁላል ከተጣለ 7 ቀን ድረስ ጥሩ ነው፣ ከዛ በኋላ እያደር የመፈልፈል እድሉ ይወርዳል። በተለይ አብይ ጾም ላይ ተጠንቀቁ። 55 ቀን እንቁላል የሚበላ ስለሚቀንስ ዋጋው ይረክሳል፣ ልባችሁም ይነሳሳል፣ ግን ነጋዴዋ ጋ ሁለት ሳምንት ቅርጫት ውስጥ ጸሐይ ሲመታው የከረመ ሊሆን ይችላል። የኔ የመጀመሪያዎቹ 30 እንደዛ ነበሩ መሰለኝ። ከባለቤቷ እጅ ትኩሱን ካገኛችሁ ግን ጾሙ ምርጥ ጊዜ ነው፣ መጋቢት ላይ የተፈለፈለ አውራ ለእንቁጣጣሽ ስድስት ወር ሊሞላው ምንም አይቀረው፣ ያኔ ደሞ የዶሮ ዋጋ ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ።

ስትመርጡ መካከለኛውን ያዙ፣ በጣም ትልቁ ሁለት አስኳል ሊሆን ይችላል፣ ትንሿ የቄብ የመጀመሪያ እንቁላል ናት፣ ቅርፊቱ ሻካራ ወይ ስንጥቅ ያለበት ይቅር። እንዳታጥቡት! እንቁላሉ ላይ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን አለ፣ ጀርም እንዳይገባ የሚከላከለው እሱ ነው፣ ስታጥቡት ይሄዳል። ኩስ የነካው ካለ በደረቁ በቀስታ ጠረግ፣ ብዙ ከሆነ ለድስት። እስኪጠራቀም ቀዝቀዝ ያለ ክፍል ውስጥ ሹሉን ጫፍ ወደታች አርጋችሁ አስቀምጡ፣ ፍሪጅ አይደለም፣ ፍሪጅ በጣም ይበርዳል። የማርቆስ መኝታ ቤት ወለል በራሱ ይበቃል፣ የኛ ብርድ የሚጠቅመው ለዚህ ብቻ ነው። ባጃጅ ላይ ተንገጫግጮ የመጣ እንቁላል ከሆነ ደሞ ሹሉ ወደታች ሆኖ አንድ ቀን ይረፍ፣ ወፍራሙ ጫፍ ጋ ያለው የአየር ኪስ ቦታውን እንዲይዝ።

ሳጥኑ፣ ቶሎ ልበላችሁ። ወፈር ያለ ፎም ሳጥን ወይ የእንጨት ሳጥን፣ ባለ 40 ዋት ሁለት የድሮ አምፖል (ኤልኢዲ አይሞቅም፣ ገንዘባችሁን አታውጡ)፣ ሁለት የሆነው አንዱ ቢቃጠል ሌላው እንዲያቆየው ነው። ደብሊው 1209 የምትባል ትንሽ ቴርሞስታት (ሙቀቱን እየለካች አምፖሉን የምታበራና የምታጠፋ)፣ በ12 ቮልት የምትሰራ፣ ከአሮጌ ኮምፒውተር የወጣ ፋን፣ እንቁላሉ የሚያርፍበት ወንፊት ሽቦ፣ ከስሩ የውሃ ሰሀን። ከታች ሁለት ከላይ ሁለት የጣት ወርድ ቀዳዳ። የአምፖሉን ኤሌክትሪክ የማታውቁ ከሆነ የሚያውቅ ሰው ያስርላችሁ፣ ፎም እሳት ይወዳል፣ አምፖሉ ፎሙን መንካት የለበትም። እንቁላል ከመግባቱ በፊት ባዶውን 24 ሰዓት ይስራ።

አሁን ዋናው ነገር። ፋን ካለው 37.5 ዲግሪ፣ ፋን ከሌለው የእንቁላሉ አናት ላይ ሲለካ 38.5 አካባቢ፣ ይሄንን ሁሉም ሰው ያውቀዋል። የማያውቀው የራሱ ቴርሞሜትር ስንት እንደሚዋሽ ነው። የኔው 37.5 ሲል እውነቱ 39 ነበር! እንቁላሎቹን ቀቅያቸዋለሁ ማለት ይቻላል። ዶሮ ሙቀት ሲበዛባት እንቁላሉን ትታ ተነስታ ዞር ዞር ብላ ትመለሳለች፣ እኔ ቁጥሯን አምኜ ቁጭ። አንድ ዲግሪ ትንሽ ትመስላለች እንጂ 21 ቀን ሙሉ አንድ ዲግሪ ከበዛ ብዙው ሽል ያልቃል፣ 40ን ካለፈማ ለጥቂት ሰዓትም ቢሆን አደጋ ነው። ቅዝቃዜን ከሙቀት በተሻለ ይችሉታል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ፋርማሲ የሚሸጠውን የሰው ብብት ውስጥ የሚገባ ዲጂታል ቴርሞሜትር ግዙ፣ እሱ በዚህ ሙቀት አካባቢ ትክክል እንዲያነብ ተብሎ የተሰራ ነው። ብርጭቆ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ አርጉ፣ የቴርሞስታቱን ጫፍና የሰው ቴርሞሜትሩን ጫፍ አንድ ላይ ንከሩ፣ ማማሰልም አትርሱ። ልዩነቱን ጽፋችሁ ሳጥኑ ላይ ለጥፉት። የሰው ቴርሞሜትሩ ከፍተኛውን ቁጥር ይዞ ስለሚቆም በየልኬቱ አጥፍታችሁ አብሩት። አንዳንዱ በፈላ ውሃ ፈትሹ ይላል፣ እዚህ አገር ግን አይሰራም፣ ማርቆስ ወደ 2400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ 100 ጠብቃችሁ ቴርሞሜትሩን እንዳትወረውሩት።

የእርጥበት መለኪያውም እንደዛው ይዋሻል። የሃይላንድ ክዳን ላይ ጨው አርጉ፣ ጭቃ እስኪመስል ድረስ ጥቂት ጠብታ ውሃ ጨምሩበት፣ እሱንና መለኪያውን አንድ ክዳኑ ጥብቅ የሚል ዕቃ ውስጥ ከታችሁ ሌሊቱን አሳድሩት። ጠዋት 75 ማለት አለበት። 68 ካለ 7 ያሳንሳል ማለት ነው፣ በቃ።

ስለ እርጥበት ካነሳን የከፍታውን ነገር ልጨርሰው። ማርቆስ ላይ ያለው አየር ባህር ጠለል ላይ ካለው ሩብ ያህል የሳሳ ነው፣ ሞጣና እንጅባራም ከኛ ብዙ አይለዩም፣ ባህር ዳር 1800 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ትሻላለች። አየሩ ሲሳሳ ሁለት ነገር ይመጣል፣ ሽሉ ኦክስጅን ያንሰዋል፣ እንቁላሉ ደሞ ውሃውን ቶሎ ያጣል። ስለዚ ቀዳዳዎቹን ብርድ ገባ ብላችሁ አትድፈኑ፣ ይልቅ የውሃውን ሰሀን ሰፋ አርጉት። የሰሀኑ ስፋት እንጂ ጥልቀቱ ምንም አይጨምርም። እስከ 18ኛው ቀን ከ45 እስከ 55 ፐርሰንት ነው የሚፈለገው። ክረምት ነው አየሩ እርጥብ ነው ብላችሁም ውሃውን አትተዉ፣ ቀዝቃዛ እርጥብ አየር ሳጥን ውስጥ ገብቶ 37 ሲደርስ ደረቅ ነው የሚሆነው። ከቆላ የመጣ እንቁላል ደጋ ላይ አስቸጋሪ ነው፣ እዚሁ ደጋ የኖረችው ዶሮ የጣለችው ይሻላል፣ እኔም ከሩቅ ማምጣቱን ተውኩት።

መለኪያውን የማታምኑ ደሞ ሚዛን ተጠቀሙ። ጫጩቱ በደንብ እንዲወጣ እንቁላሉ እስከ 18ኛው ቀን ክብደቱን 12 ፐርሰንት አካባቢ መቀነስ አለበት። የሀበሻ እንቁላል 40 ግራም ገደማ ነው፣ 30ው አንድ ላይ 1200 ግራም ከሆነ በ7ኛው ቀን 1145 አካባቢ ሊሆን ይገባዋል። ከዛ በጣም ካነሰ ውሃ እያነሰው ነው፣ ሰሀኑ ይስፋ። ካልቀነሰ ደሞ ውሃው ይጥበብ። እኔ ከሁሉም መለኪያ ይሄን ነው የማምነው።

ቀን አቆጣጠር ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያለው ሰውዬ ስንት ቀን እንደሚፈጅ አልነገረንም፣ 21 ነው፣ ያስገባችሁበት ቀን ግን አይቆጠርም። ቅዳሜ ማታ ካስገባችሁ እሁድ ማታ አንድ ቀን ሞላው። ስለዚ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ቅዳሜ ነው የሚወጡት፣ እቤት ስለምትሆኑም ጥሩ ነው። (የቱርክ ዶሮና ዳክዬ 28፣ ጅግራ ከ26 እስከ 28፣ ድርጭት 17 ወይ 18 ቀን ነው። የዱር ቆቅ እንቁላል ከማሳ ለቅማችሁ እንዳታመጡ፣ ለእናትየው ተዉላት።)

መገልበጥ። በእርሳስ በአንዱ ጎን መስቀል በሌላው ክብ አርጉ፣ እስክሪብቶ ቀለሙ ሰርጎ ይገባል። ጠዋት 12 ሰዓት፣ ቀን 8 ሰዓት፣ ማታ 4 ሰዓት፣ ሦስት ጊዜ። ቁጥሩ ጎዶሎ የሆነው ያለ ነገር አይደለም፣ ረጅሙ ሌሊት ሁሌ በአንድ ጎኑ እንዳይተኛ ነው። ካልተገለበጠ ሽሉ ቅርፊቱ ላይ ይጣበቃል። እጃችሁን ታጠቡ፣ ቅባት ወይ ሽንኩርት የነካ እጅ አይግባ። ባለቤቴ ቀን ቀን ስራ ስለምትውል የ8 ሰዓቱን የጎረቤት ልጅ ነበር የሚገለብጥልን፣ አንድ ቀን መስቀል የነበረውን ወደ ክብ በማዞር ፈንታ ሁሉንም ደስ ወዳለው አዙሮ አገኘሁት፣ ስለዚ ወረቀት ላይ ሰዓቱንና ምልክቱን ጽፋችሁ ክዳኑ ላይ ለጥፉ።

7ኛው ቀን ማታ መብራቱን አጥፍታችሁ በስልክ ባትሪ እዩ። የእጃችሁን አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት ክብ አርጋችሁ የእንቁላሉን ወፍራም ጫፍ እዛ ላይ አስቀምጡና ከስር አብሩ። የያዘው መሃሉ ላይ ጥቁር ነጥብ፣ ከሷ የሚወጡ እንደ ሸረሪት እግር የተበተኑ ቀይ ደም ስሮች ይታያሉ፣ ነጥቧም ስትንቀሳቀስ ታዩዋታላችሁ። ያን ጊዜ ልጆች ካሉ ጥሯቸው፣ የኔዋ ልጅ ‘አባ ዓይኑን ጨፈነ’ ብላ ስትጮህ ሳጥኑን ልጥለው ነበር። ምንም የሌለበት ጥርት ያለው አልያዘም። ቀይ ቀለበት ብቻ ያለው ይዞ ሞቷል። ሁለቱንም አውጡ፣ የሞተው ሳጥን ውስጥ ከርሞ ከፈነዳ ሽታው ቤታችሁን ያስለቅቃችኋል፣ ሌሎቹንም ይበክላል። 14ኛው ቀን ላይ አንዴ ድገሙት።

መብራት ሲሄድስ? ይሄ ጎጃም ነው፣ ሰማዩ ሲያጉረመርም መብራቱ ይሄዳል። እማዬ ነጎድጓድ ሽል ይገላል ትላለች፣ ዶሮዋ ስር ብረት ታስቀምጣለች፣ እኔ ግን ነጎድጓዱ ሳይሆን እሱን ተከትሎ የሚጠፋው መብራት ነው የገደለብኝ። መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ ምንም አትክፈቱ። ሳጥኑን በጋቢ ሸፍኑት፣ ቀዳዳዎቹ ግን ትንሽ ይተንፍሱ። ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ ሁለት ጀሪካን እጅ የሚችለው ሙቅ ውሃ ሞልታችሁ ጎንና ጎን አስገቡ፣ ሲቀዘቅዝ ቀይሩ። ከሰል ክፍል ውስጥ አታስገቡ፣ ጭሱ እናንተንም እንቁላሉንም ይገላል። ጥቂት ሰዓት ቢቀዘቅዝ ብዙ ጊዜ ይተርፋሉ፣ የሚወጡበት ቀን ይዘገያል እንጂ። ደንግጣችሁ መብራት ሲመለስ ሙቀቱን አትጨምሩ፣ እኔ አንዴ 39 አድርጌ ያካካስኩ መስሎኝ ጨረስኳቸው።

ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ ሽሎቹ ራሳቸው ሙቀት ያመነጫሉ፣ ቴርሞስታቱ ሳይነካ ቁጥሩ ሲወጣ አይታችሁ አትገረሙ፣ ትንሽ ዝቅ አርጉት።

18ኛው ቀን፣ የቅዳሜው እንቁላል ከሆነ ረቡዕ። መገልበጥ ያበቃል። ወንፊቱ ላይ ንጹህ ሻካራ ጆንያ አንጥፉ፣ ጋዜጣ ያንሸራትታቸውና እግራቸው ተበልቅጦ ይቀራል። ውሃውን ጨምሩ፣ እርጥበቱ ከ65 እስከ 70 ይግባ፣ የላይኞቹን ቀዳዳዎች በደንብ ክፈቱ። ከዛ ክዳኑን ዝጉና እጃችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱ። ከዚህ በኋላ ውሃ ለመጨመር ካልሆነ አይከፈትም፣ እሱም ከውጭ በቱቦ ቢሆን ይመረጣል።

19 እና 20ኛው ቀን ላይ ድምጽ ትሰማላችሁ። ጫጩቷ የአየር ኪሱን በስታ ሳምባዋን እየጀመረች ነው። ቀጥሎ ቅርፊቱ ላይ የኑግ ፍሬ የምታህል ስንጥቅ። ከዛ... ምንም። አምስት ሰዓት፣ አስር ሰዓት ምንም። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚያብደው፣ እኔም አብጄ ነበር። መጀመሪያው ዙር ላይ ሞተች ብዬ በጥፍሬ ቅርፊቱን ላጥኩላት፣ ሽፋኑ ላይ ያለው ደም ስር ገና አልደረቀም ነበርና ደሟ ፈሰሰ፣ እምብርቷ ላይ አስኳሉ ግማሹ ውጭ ነበር። ያቺ ናት በማግስቱ የሞተችው። ዝም ብላ የምትመስላችሁ ጫጩት ደሟንና አስኳሏን ወደ ሆዷ እየሰበሰበች ነው፣ ከመጀመሪያዋ ቀዳዳ እስከ መውጣት ከ12 እስከ 24 ሰዓት ይፈጃል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፣ ይሄኛው ግን ሲፈስ አይለቀምም። ክዳኑን በከፈታችሁ ቁጥር ደሞ እርጥበቱ ወጥቶ ስሱ ሽፋን እንደ ፌስታል ይደርቅና ሌሎቹን ጠፍሮ ይይዛቸዋል፣ አንዷን ላድን ብላችሁ አምስት ትገላላችሁ።

የወጡት ጸጉራቸው እስኪነፋ እዛው ይቆዩ። አስኳሉን ሆዳቸው ውስጥ ይዘው ስለሚወጡ እስከ ሁለት ቀን ምግብ ባይቀምሱ አይሞቱም፣ ራባቸው ብላችሁ አትክፈቱ። ከዛ 33፣ 34 ዲግሪ የሚሞቅ ካርቶን፣ ንጹህ ውሃ፣ የጫጩት መኖ፣ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ቀንሱ። በርዷቸው እንደሆነ ተደራርበው ይጮሃሉ፣ ሞቋቸው ከሆነ ከአምፖሉ ሸሽተው ክንፋቸውን ይዘረጋሉ፣ እሱን እያያችሁ አምፖሉን ከፍ ዝቅ አርጉ። የታቀፈች ዶሮ ካለቻችሁ ግን ከሁሉ የሚሻለው እሱ ነው፣ ማታ በጨለማ ጫጩቶቹን አንድ በአንድ ስሯ አስገቡላት፣ ጠዋት የራሷ ናቸው። ማርቆስ እኔ ጋ የተፈለፈሉ 11 ጫጩቶች የእማዬ ገብስማ ስር አድረው ጠዋት ሰው ስታባርርላቸው አይቻለሁ። ፈንግል የሚባለውን የዶሮ በሽታ ክትባት ብቻ ነው የሚያቆመው፣ ቢሾፍቱ የሚመረተው አለ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ወረዳችሁ ያለ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጋ ሄዳችሁ ቀን አስይዙ።

23ኛው ቀን አልፎ ያልወጡትን ከቤት ራቅ ብላችሁ፣ ነፋሱን ጀርባ ሰጥታችሁ ስበሯቸው። ይሰቀጥጣል ግን ከዚህ የተሻለ አስተማሪ የለም። ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሞቱ ከበዙ ወይ እንቁላሉ ያረጀ ነበር ወይ መጀመሪያ ላይ ሙቀቱ ተሳስቷል። ሙሉ አድገው ሳይበሱ ከሞቱ እርጥበት ወይ አየር ነው፣ አለያም መገልበጡ። 20ኛው ቀን ሳይሞላ የወጡ ካሉ ሳጥኑ ሞቋል፣ 22ን ያለፉ ከሆነ በርዶታል፣ ለቀጣዩ ዙር ግማሽ ዲግሪ ማስተካከል ይበቃል። የየአንዳንዱን ደብተር ላይ ጻፉና ሳጥኑን በረኪና ባለበት ውሃ አጥባችሁ አንድ ቀን ሙሉ ጸሐይ ላይ ገልብጡት።